አንባቢ አብዢዎች ሆይ፣ እድሜ ይስጥልን

ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ኢንቦክሴ ጮኸ። «ወንድሜ ጽሑፎችህን በጣም ነው የምወዳቸው፣ ግን አንባቢ የለህም፣ ያሳዝናል፣ እኔ ላሳድግልህ» ይላል። በእንቅልፍ ልቤ ደስ አለኝ፣ ሰው አይደለሁ። የትኛውን ነው የወደድከው ብዬ ጠየቅኩት። «ሁሉንም» አለ። እሺ አንዱን ንገረኝ። ትንሽ ቆየና «የመጨረሻው ይለያል፣ ልብ ይነካል» አለኝ። የመጨረሻው ምን መሰላችሁ፣ «እጄን ስላመመኝ በዚህ ወር አልጽፍም፣ ይቅርታ» የምትል የአንድ መስመር ማስታወቂያ ናት።

እናንተም ጋ መጥቷል አይደል? አውቃለሁ። መቶ አንባቢ የማይሞላው ሁሉ ጋ ይመጣል። ማን እንደሚነግራቸው እንጃ፣ ብቻ አንድ ሰው ጽፎ ጽፎ የሚያነብለት አጥቶ ጉንጩን ይዞ ሲተክዝ ከች ይላሉ።

እኔ ግን ዛሬ ልወቅሳቸው አልመጣሁም፣ ላመሰግናቸው ነው። እውነቴን ነው፣ እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጸሐፊ ነኝ ባይ ያልተነበብኩት ጽሑፌ ባይጥም ይሆናል ብሎ በከንቱ ሲጨነቅ፣ ሲሰርዝ ሲደልዝ እድሜውን ይጨርስ ነበር። እግዜር ይስጣቸውና ችግሩ የሎጎው ቀለም መሆኑን ነገሩን። ሰማያዊ እምነት ይፈጥራል አሉን። ማክሰኞ ጠዋት ለጥፉ አሉን። ምን እንደምንጽፍ ግን አንድም ቀን ጠይቀውን አያውቁም፣ ይሄም ጨዋነታቸው ነው፣ በሰው ጉዳይ አይገቡም።

የመጀመሪያው ውለታቸው ርዕስ ነው። ስለ ትዕግስት አንዲት ነገር ጽፌ ነበር፣ ርዕሷም «ስለ ትዕግስት» ነው፣ ድርቅ ያለች፣ አውቃለሁ። ሰውዬው አያት (ርዕሷን ነው ያየው) እና «ይህን 7 ነገር ሳያውቁ እንዳይተኙ! 4ኛው ያስደነግጣል» ብሎ ቀየራት። ወንድሜ ጽሑፉ ውስጥ እኮ 7 ነገር የለም አልኩት። «እሱ ነው ጥቅሙ፣ አንባቢው 7ቱን ሲፈልግ ገጹ ላይ ይቆይልሃል» አለኝ። እንግዲህ ይሄን ጭንቅላት እዩልኝ። ሰው አራተኛውን ፍለጋ ሲወጣ ሲወርድ ትዕግስት እየተማረ ነው እኮ፣ እኔ በሁለት ገጽ ያላስተማርኩትን ርዕሱ ብቻውን አስተማረው።

ከዛ ደሞ ቁልፍ ቃል የሚባል ነገር አለ። ዋናውን ቃል ደጋግሞ ደጋግሞ መጻፍ ነው፣ ጉግል እንዲሰማ፣ ጉግል ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ይመስላቸዋል መሰለኝ። ጽሑፌ ታክማ ስትመለስ እንዲህ ሆናለች፦ «ትዕግስት ማለት ትዕግስት ሲሆን ትዕግስት የሚፈልጉ ሰዎች የትዕግስትን ጥቅምና የትዕግስት ምክር ከትዕግስት ባለሙያ ስለ ትዕግስት በትዕግስት»፣ እዚህ ጋ የኔው አለቀ። ከግርጌ ደሞ በነጭ ላይ በነጭ ፊደል የተደበቀ ሌላ ሀምሳ ትዕግስት አለ፣ ሰው አያየውም፣ ማሽኑ ብቻ ነው የሚያየው ተባልኩ። ጉግል ገጽ ኮድ ውስጥ የሚደበቀውን የቁልፍ ቃል ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2011 ፓንዳ ባለው ማሻሻያ ለቁጥር ብቻ እየተፈለፈሉ የሚለጠፉ ገጾችን ቁልቁል ሰደዳቸው፣ በ2012 ፔንግዊን ብሎ ቃል የሚያጭቁትንና ሊንክ የሚሻሻጡትን ተከተላቸው። የኛ ባለሙያ ግን ወረት አያውቅም፣ ፓንዳ መጣ ፔንግዊን መጣ ከያዘው ፈቀቅ አይልም፣ እንዲህ አይነት ታማኝነት ትዳር ውስጥ እንኳን ብርቅ ነው። በየሰዉ ጽሑፍ ስር እየዞረ «ግሩም ነው፣ የኔንም ጎብኙ» እያለ ሊንክ የሚተክል ልጅ ሳይቀር መድቦልኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ሊንክ ገጾች «አትቁጠርብኝ» እንዲሉበት ኖፎሎው የሚባለው ምልክት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ ልጁ ያኔ መወለዱንም እጠራጠራለሁ።

ተከታይም ገዛልኝ። ተኝቼ ስነሳ 5000 ሰው። ስማቸው ግማሹ ቁጥር ነው፣ ፎቶ የላቸውም፣ አይሳደቡም፣ አይከራከሩም፣ የፊደል ግድፈት አይለቅሙም፣ እንዲህ አይነት ጨዋ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ችግሩ 5000 ተከታይ ኖሮህ ስድስት ሰው ብቻ ሲነካልህ ማሽኑም የሚያውቁህ ሁሉ የጠሉህ ይመስለዋል፣ ለማያውቅህማ ጭራሽ አያሳይህም። ድሮ በ80 ተከታይ ስድስት ነበሩኝ፣ ያኔ ታዋቂ ነበርኩ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል የንግድ ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ለንግድ ጥቅም ብሎ የሐሰት ተከታይና ቪው መሸጥ መግዛትን ከልክሏል፣ እንግዲህ ምቀኛ የሌለበት አገር የለም።

ግን ዋናው ውለታ ግሩፑ ነው። ወደ ግሩፑ ልምጣ።

ግሩፑ ውስጥ 43 ሰው አለ። ሁሉም ጸሐፊ ነው፣ አንባቢ አንድም የለም። ደንቡ አጭር ነው፣ እከክልኝ ልከክልህ ነው። አንዱ ሊንክ ሲጥል ሌላው በ24 ሰዓት ውስጥ ላይክ ያደርጋል፣ ሼር ያደርጋል፣ ከአራት ቃል ያላነሰ ኮሜንት ይጽፋል። አድሚኑ ሰንጠረዥ አለው፣ እዳ ያለበት በቀይ ይጻፋል። ተራዬ የደረሰ ቀን ጽሑፌ አላለቀም ነበር፣ ልቆጥበው ስል እጄ ስቶ ለጠፍኩት። ምን ነበር ያለበት? ርዕሱ «ናፍቆት» ይላል። ከስሩ «መግቢያ እዚህ ይገባል፣ የሚነካ ነገር ፈልግ»። ቀጥሎ ቦታ መያዣ እንዲሆን ብዬ የደረደርኩት «እእእእእእ»። ቀጥሎ «ከዚህ በታች ያለውን ሰርዝ»። ከዚያ በታች ያለው ደሞ የምገዛው ዝርዝር ነው፦ ሳሙና፣ ባትሪ፣ የጫማ ማሰሪያ። በቃ ይሄው ነው።

አስር ደቂቃ ሳይሞላ 17 ላይክ። «ግሩም ጽሑፍ ነው በርታ»። «ልብ የሚነካ ናፍቆት ነው»። «እንባዬ መጣ ወንድሜ አመሰግናለሁ»። ቁጠሩልኝ፣ አራት አራት ቃል ነው፣ አንድም የሚያልፍ የለም፣ አድናቆት በግዴታ ሲሆን እንደ ግብር ነው ለካ፣ ማንም ትርፍ አይከፍልም። እንዳላነበቡት በዚህ አወቅኩ። ግን አንዷ አየችው መሰለኝ፣ ወይም አይኗ ወደ ታች ሸርተት አለ፣ ብቻ «ሳሙናው የንጽህና ምሳሌ መሆኑ ገብቶኛል» አለች። ሌላው ተነስቶ የለም እህቴ ሳሙናው ሽፋን ነው፣ ቁም ነገሩ ባትሪው ላይ ነው፣ ተስፋን ነው የሚወክለው አላት። ሦስተኛው ሁለታችሁም አልገባችሁም፣ ማሰሪያው የፍቅር ቃል ኪዳን ነው፣ ጫማው ያልተጠቀሰው ለምን ይመስላችኋል፣ ጫማው ሄዷላ፣ የቀረው ማሰሪያ ነው አለ። እውነት ለመናገር እዚህ ጋ እኔም ትንሽ ከፋኝ፣ ማሰሪያውን ስገዛ ጫማው የት እንዳለ አስቤ አላውቅም።

ይሄ ሳያንስ አንዱ «ነፍስ ይማር በጣም አዝኛለሁ» ብሎ ጻፈ። ናፍቆትን ሰው አድርጓት ነው። ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ከላይ ያለውን አይቶ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ነፍስ ይማር በነፍስ ይማር ሆነ። መቼ ነው ያረፈችው? ታማ ነበር ወይስ ድንገት ነው? ልጆች ነበሯት? አንዱ «እኔ በቅርብ አውቃት ነበር፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች» አለ! በአምላክ፣ ሳቂታ! ሁለት ሰዎች ፕሮፋይላቸውን ጥቁር አደረጉ። አድሚኑ ጋ ደውዬ አጥፋልኝ ተሳስቼ ነው ስለው «አብደሃል እንዴ፣ እንዲህ አይነት ሪች ግሩፑ ታሪክ ውስጥ የለም፣ እንደውም ከቻልክ የቀብሩን ጻፍ» አለኝ።

ማታ ላይ አንዲት ገና የገባች ልጅ ኢንቦክስ አደረገችልኝ። «ወንድሜ ይቅርታ፣ ያላለቀ ነገር የለጠፍክ መሰለኝ፣ ሰው ሳያይብህ አንሳው» ትላለች። ሰው ሳያይብህ! ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ያገኘኋት አንድ አንባቢዬ ማለት ናት። በማግስቱ ከግሩፑ ተባረረች፣ ስሟ በቀይ ነበር፣ ኮሜንት አልሰጠችም።

ስለ ሞት ካነሳን አይቀር እዚህ ጋ ቀልዱን ልተወው። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ አንስታችሁ፣ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ፣ ጎኑ ሻማ አብርታችሁ «አሳዛኝ ዜና» የምትሉ፣ እናንተን ማመስገን አቅቶኛል። ተከፍቶ ሲታይ ሰውዬው አልሞተም፣ ጉንፋን ይዞት ነበር። የሱ ልጅ ሌላ ከተማ ሆና ስልኳን ስትከፍት የአባቷን ፊት ከሻማ ጋር ስታየው፣ ደውላ እስኪያነሳላት ድረስ ያለው ያ ሁለት ደቂቃ ለናንተ ምንድነው? ቪው ነው። ሁለት ደቂቃዋን ሸጣችሁ በላችሁት። ከዛ ደሞ ከስር «ለበለጠ መረጃ ሳብስክራይብ» ትላላችሁ፣ አታፍሩም። አንባቢ ማብዛት አትበሉት ይሄን፣ ሌላ ስም አለው፣ እናታችሁ ፊት የማትጠሩት ስም።

እሺ፣ ተመለስኩ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

«ይሄን ሼር ያላደረገ እናቱን አይወድም» የምትሉትንም አልረሳሁም፣ የእናት ፍቅር በምን ይለካ እንደነበር እናንተ ሳትመጡ አላውቅም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ እንዲህ እያሉ ላይክና ሼር የሚለምኑ ፖስቶችን ዝቅ አድርጌ አሳያለሁ ሲል እናቱን አይወድም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ያ የሌሊቱ ሰውዬ ትናንት ተመልሶ መጣ። ስድስት ወር ሙሉ ጻፍ፣ ያው ሰው ተመልሶ እስኪመጣ ጠብቅ፣ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው አሻሽል የሚል ምክር ሰምቼ ነበር፣ እውነት ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። ረጅም ሰዓት ታይፒንግ ታይፒንግ ሲል ቆየና «እሱ የድሮ ነው፣ አልጎሪዝሙ ተቀይሯል» አለኝ። አልጎሪዝሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው እንዴት ደስ ይላል፣ እሱ ራሱ ግን ገጽ አለው ወይ ስለው የላከልኝ ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ የተለጠፈው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ «አንባቢ የሚያበዙ 9 መንገዶች፣ ክፍል 1» ይላል። ሁለት ላይክ አለው፣ አንዱ የራሱ ነው።

ይሄንንም ጽሑፍ ዛሬ ግሩፑ ላይ እጥለዋለሁ፣ ተራዬ ነው። ይቀየሙኛል ብዬ አልሰጋሁም፣ ለመቀየም መጀመሪያ መክፈት ያስፈልጋል። እስከ ማታ ደሞ የ11 ሰው እዳ አለብኝ፣ ስሜ በቀይ ሊሆን ምንም አልቀረው። አሁን ከላይ ያለው ሊንክ «ናፍቆት፣ ክፍል 2» ይላል። ማን እንደጻፈው አላየሁም፣ አልከፈትኩትምም። ግሩም ጽሑፍ ነው በርታ ብዬዋለሁ።