«አይሆንም» ማለት የሚችል ሠራተኛ

ሰሞኑን አባል የሆንኩበት የቁጠባና ብድር ማኅበር አዲስ ውሳኔ አወጣ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ የብድር ባለሙያ በወር የተወሰነ መጠን ብድር ማስፈቀድ አለበት። ከኮታው ያለፈ ቦነስ ያገኛል። ያልደረሰ ደግሞ ለምን እንዳልደረሰ በጽሑፍ ያስረዳል። የተሰጠው ምክንያት ሠራተኛው የሥራ ተነሳሽነት አጥቷል፣ መነቃቃት አለበት የሚል ነው።

ውሳኔውን ያብራሩት ኃላፊ ዘመኑ የውድድር ነው አሉ። ዓላማ ምናምን የሚባለው የመሥራቾቹ ትውልድ ነገር ነበር፣ የዛሬ ወጣት የሚንቀሳቀሰው በገንዘብ ነው ብለው ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት ግን ከሁሉም ይብሳል። አባላቱ ራሳቸው እኛንና ባንክን ለይተው አያውቁም፤ ታዲያ ሠራተኛው ስለ ልዩነቱ ምን ያስጨንቀዋል?

ከዚሁ ልጀምር፤ ጨርሶ ውኃ የማያነሳው እሱ ነውና። አባሉ ልዩነቱን ካላወቀ፣ ማን ነው ያላሳወቀው? ሲመዘገብ ዕጣ፣ ማለትም የባለቤትነት ድርሻ፣ ገዛ፤ በዚያች ቀን የማኅበሩ ባለቤት ሆነ። በማግስቱ መስኮቱ ጋ ሲመጣ «ደንበኛችን» አላችሁት። በጠቅላላ ጉባኤ ቀን የሒሳብ ሪፖርቱን በሩጫ አንብባችሁ እጅ አስወጣችሁት። ጥያቄ ሲያነሳ «ሰዓት የለም» ተባለ። ባለቤትነቱን ስታስረሱት ኖራችሁ፣ ዛሬ መርሳቱን ማስረጃ አድርጋችሁ ታቀርቡብናላችሁ። ይህን ማለት ያሳፍራል።

«ደንበኛ» የምትለውን ቃል ቀላል አድርገን አንያት። ሠራተኛው ከመስኮቱ ማዶ የቆመውን ሰው ደንበኛ ብሎ መጥራት የጀመረ ቀን ሥራው ይለወጣል። ደንበኛ የሚሸጥለት ሰው ነው። አባል ግን አሠሪህ ነው። ደሞዝህ የሚከፈለው እሱ ከከፈለው ወለድ ነው። ቦርዱን የሚመርጠውም የሚሽረውም እሱ ነው፤ ያስቀመጠው ብዙም ይሁን ጥቂት ድምፁ አንድ ነው። ሠራተኛው ይህን በየቀኑ ካየ ተነሳሽነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ካላየው ደግሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የራዕይ ፖስተር አያድነውም።

እኔ ራሴ በሌላ ማኅበር ውስጥ በብድር ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የሥራው ትርጉም የገባኝ ብድር በሰጠሁ ቀን አይደለም፤ በከለከልኩ ቀን ነው። አንድ አባል መጣ። ቁጠባው ይፈቅድለታል፤ ዋሶቹን ይዟል፤ ወረቀቱ አንድም የጎደለው ነገር የለም። ገንዘቡን የፈለገው ሌላ ቦታ ያለበትን ዕዳ ለመክፈል ነበር። ደሞዙን፣ ያለበትን ተቆራጭ፣ የቤቱን ወጪ አብረን ደመርን፣ ቀነስን። ለወሩ የሚተርፈው ነገር የለም። «አይሆንም» አልኩት። እኛ ጋ የነበረበትን ብድር የመክፈያ ጊዜ እናራዝምልህ አልኩት። ተቆጥቶ ወጣ። ለወራት ሰላምታ ነሳኝ። እስከ ዛሬም አመስግኖኝ አያውቅም። ዋሶቹ ግን ደሞዛቸው ሳይነካ ቀረ። እኔም የዚያን ቀን ማታ ለምን እንደምሠራ አውቄ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ምክንያቱም ያ ገንዘብ የማኅበሩ አይደለም፣ የኔም አይደለም። በየወሩ ከደሞዟ ቆርጣ የምታስቀምጥ የሌላ አባል ገንዘብ ነው። እሷም መስኮቱ ፊት ሰልፉ ላይ አለች። ነገ እሷ ተበዳሪ ትሆናለች፣ ዛሬ የተበደረው ደግሞ ቆጣቢ ይሆናል። አንዱ የሚከፍለው ወለድ ለሌላው የሚደርስ ትርፍ ነው። ስለዚህ የብድር ባለሙያ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ የቆጠበችውን ከኪሳራ፣ የሚበደረውን ከማይወጣው ዕዳ። የንግድ ባንክ ባለሙያም በጥንቃቄ ያበድር ይሆናል። ጥንቃቄው ግን የባለአክሲዮኖቹን ትርፍ ለመጠበቅ ነው፤ ባለአክሲዮኖቹም አብዛኛውን ጊዜ ሰልፉ ላይ የሉም። እኛ ጋ ሰልፉ ራሱ ባለአክሲዮን ነው። ከዚህ የበለጠ ለሥራ የሚያስነሳ ነገር ካለ ይነገረኝ።

ኮታው የሚገድለው ይህን «አይሆንም» ነው። በወሩ መጨረሻ ሁለት ብድር የጎደለው ባለሙያ ያን አባል ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ወረቀቱ ሙሉ ነው። ቦነሱ ፊት ለፊቱ ነው። ይፈርማል። ዋሶቹ የሚጮኹት ከዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቦነሱ ተበልቷል።

በወሬ የምናገር ከመሰላችሁ ትልቁን ምሳሌ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ሠራተኞቹ የሽያጭ ኮታ ለመድረስ ሲሉ ደንበኞች ያልጠየቁትን ሒሳብ በስማቸው ይከፍቱ ነበር። 5,300 ያህል ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ። በ2020 ደግሞ ባንኩ ተጨማሪ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እነዚያ ሠራተኞች ሌባ ሆነው የተወለዱ አይደሉም። በየቀኑ ቁጥር የሚጠየቅ ሰው ቁጥር ያመጣል፤ ከየት እንዳመጣው ቆይቶ ነው የሚታወቀው። ባንክ የተቀጣበትን መንገድ የቁጠባ ማኅበር ማነቃቂያ ብሎ ሲያነሳው ማየት ደሜን ያፈላዋል።

ዓላማ የመሥራቾቹ ትውልድ ነገር ነበር የሚለውም ታሪኩን ካለማወቅ የመጣ ነው። መሥራቾቹን በስሜት የተነዱ ደጋግ ሰዎች አድርጎ ማየት ይቀናናል። ከገጠር የብድር ማኅበራት መሥራቾች አንዱ የሆነው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን እ.ኤ.አ. በ1846 እና 47 የረሃብ ክረምት በጀርመን ገጠር ድሆችን መርዳት የጀመረው በሀብታሞች ልግስና ነበር። በልግስና ብቻ ዘላቂ ነገር እንደማይቆም በሥራው አየ። በ1864 በሄደስዶርፍ መንደር ነገሩን ገለበጠው። ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባል ሆኑ፣ ለዕዳው በጋራ ኃላፊነት ወሰዱ። እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ «ይህን ገንዘብ ለምን ትፈልገዋለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ጎረቤት ነው፤ ብድሩ ካልተመለሰ እሱም ይከፍላልና። ዓላማው የተቀመጠው በአሠራሩ ውስጥ ነበር።

ካናዳ ውስጥ አልፎንስ ዴጃርዳን እ.ኤ.አ. በ1900 በሌቪ ከተማ የቁጠባና ብድር ማኅበሩን ሲመሠርት የመጀመሪያዋ ተቀማጭ 10 ሳንቲም ነበረች። ሥራ በተጀመረበት ቀን የተሰበሰበው 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። እሱ በፓርላማ ንግግሮችን የሚመዘግብ ጸሐፊ ስለነበር ለስብሰባ ኦታዋ ሲሄድ ሥራውን በቤታቸው የምትመራው ሚስቱ ዶሪሜን ነበረች። የኩቤክ ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ሽፋን የሰጠው በ1906 ነው። እስከዚያ ድረስ ማኅበሩ ቢከስር ዕዳው በእነሱ ላይ ይወድቃል ብላ ትሰጋ ነበር። እያንዳንዷን ብድር በምን ዓይን ታይ እንደነበር መገመት አያቅትም። ለእሷ ኮታ ይሰጣት ነበር?

በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ለትርፍ አይደለም፣ ለምጽዋት አይደለም፣ ለአገልግሎት እንጂ» የሚለውን መፈክር ያውቀዋል። በየስብሰባው ይነበባል። አንብበን ስንጨርስ ኮታ የምናወጣ ከሆነ ባይነበብ ይሻላል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ዓላማ ደሞዝ አይተካም። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሠራተኛ የአባላትን ሕይወት ትለውጣለህ ቢባል አይሰማም፤ እውነቱን ነው። ደሞዙን ጨምሩለት። ግን ለሁሉም፣ በቋሚነት ጨምሩለት። በእያንዳንዱ ብድር ላይ የተሰቀለ ቦነስ የደሞዝ ጭማሪ አይደለም።

ተነሳሽነቱን በእውነት ከፈለጋችሁት ደግሞ ገንዘብ ያዡን ከመስኮቱ ጀርባ አውጡት። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አባላት ፊት ይቀመጥ። የብድር ባለሙያው ያስፈቀደው ብድር ከዓመት በኋላ ምን እንደሆነ ሄዶ ይይ፤ ሱቁ ተከፈተ ወይስ ተዘጋ፣ ልጅቷ ትምህርቷን ጨረሰች ወይስ አቋረጠች? ብዙዎቹ ሠራተኞች ፊርማቸው ያረፈበት ገንዘብ የት እንደደረሰ አይተው አያውቁም። የሥራውን ፍሬ ለዓመታት የተከለከለ ሰው ሲሰለች ሰነፍ ይባላል።

ውሳኔው በአጀንዳ ተይዞ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ለቦርዱ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ሲቀርብ የብድር ባለሙያዎቹም እንዲናገሩ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ለእነሱ ነው፤ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ «አይሆንም» አላችሁ?