ሻጩ ቶሎ ሲስማማ

የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያስደሰተችኝ መኪናዋ ብቻ አይደለችም። ሻጩ ከጠራው ዋጋ ላይ አንድ አምስተኛውን አስቀንሼ ነበር። ይቀንስልኛል ብዬ አይደለም፤ እስቲ ልሞክረው ብዬ ነው ያን ያህል ዝቅ ያልኩት። ሰውዬው ፊቱን ኮሶ አስመስሎ ትንሽ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። “በቃ፣ አንተ ስለሆንክ ነው” አለኝ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

በሦስተኛው ሳምንት ካምቢዮው መጮህ ጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ መኪናዋ ማርሽ አልገባ አለች። ጥገናው ያስቀነስኩትን በሙሉ በልቶ ከኪሴም ጨመረ። የሰውዬው እጅ ለምን እንደዚያ እንደፈጠነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሰው መኪና ገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው “በስንት ገዛኸው?” ነው። ቀጥለን “ስንት ጠርቶብህ ነበር?” እንላለን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉብዝና መለኪያ ይሆናል። እኔ ይህን መለኪያ ማመን ትቻለሁ። የተጠራው ዋጋ እኮ ሻጩ ደስ ብሎት ያወጣው ቁጥር ነው። ሊያስቀንሰኝ ነው ብሎ አስቀድሞ ከጨመረበት፣ እኔ በስንት ላብ ያስቀነስኩት መጀመሪያም ያልነበረ ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ደግሞ በቀላሉ ከጭንቅላታችን አይወጣም። ኤሞስ ተቨርስኪ እና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ጽፈዋል። በአንዱ ሙከራቸው ሰዎች ፊት ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ መንኮራኩር አሽከረከሩ። መንኮራኩሩ ሆን ተብሎ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተሠራ ነበር። ከዚያ “ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላት ስንት በመቶው የአፍሪካ አገሮች ናቸው?” ብለው ጠየቁ። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 በመቶ ሆነ። 65 የወጣላቸው ደግሞ 45 አሉ። ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ የዕጣ ቁጥር ይህን ያህል ከጎተተን፣ መኪናዋን እየደባበሰ ዋጋ የሚጠራ ሰው ምን ያህል እንደሚጎትተን አስቡት።

ለዚህ ነው አሁን አንድ መኪና ለማየት ከመሄዴ በፊት የራሴን ቁጥር ወረቀት ላይ የምጽፈው። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተቀራራቢ ዓመት፣ ተቀራራቢ ኪሎሜትር ያላቸውን አሥር አሥራ አምስት ማስታወቂያዎች አያለሁ። ማስታወቂያ ላይ ያለው የሚጠራው ዋጋ እንጂ የተሸጠበት አለመሆኑን አልረሳም። ከዚያ ዝቅ አድርጌ ከዚህ በላይ አልከፍልም የምለውን እጽፍና ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ሻጩ የፈለገውን ይጥራ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ዋጋው አይደለም። ሻጩ መኪናዋን ያውቃታል፣ እኔ አላውቃትም። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንኑ ተራ የሚመስል ነገር አንስቶ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስ እና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲካፈል ከሥራዎቹ ዋነኛው ይኸው ነበር። አሜሪካኖች ችግሯን ደብቃ የምትሸጥ መኪና “ሎሚ” ይሏታል። እኛ ልብ አውልቅ ብንላት ይሻላል። አከርሎፍ እንዲህ ይላል፦ ገዢው ደህናዋን ከልብ አውልቋ መለየት ካልቻለ ለሁለቱም መካከለኛ ዋጋ ነው የሚሰጠው። መካከለኛ ዋጋ ለልብ አውልቋ ባለቤት ሠርግና ምላሽ ነው። የደህናዋ ባለቤት ግን “በዚህስ ከምሸጣት ራሴ እነዳታለሁ” ብሎ ከገበያ ይወጣል። ገበያው ውስጥ የልብ አውልቆቹ ድርሻ ይጨምራል። ገዢው ይህን ሲያውቅ ዋጋውን ይብስ ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ይህን ሳነብ የእኔ ሻጭ ፊቴ ድቅን አለ። አጥብቄ ዋጋ ባስቀነስኩ ቁጥር ቶሎ እሺ የሚለኝ ሻጭ ማን እንደሆነ ገባኛ! የመኪናውን ጉድ የሚያውቀው ነው። በርግጥ ቶሎ የሚስማማ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። አገር የሚለቅ አለ፣ ገንዘብ የቸገረው አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና “ለምን ትሸጣታለህ?” ብሎ መጠየቅ ግን አይከፋም። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ይህን መጠየቅ ይሻላል።

እንግዲህ ገንዘብና ጊዜ መዋል ያለበት ይህን የዕውቀት ልዩነት በማጥበብ ላይ ነው። መካኒክ ይዞ መሄድ። የራስን መካኒክ ማለቴ ነው፣ ሻጩ “ጎበዝ ልጅ አለ” ብሎ የሚጠራውን አይደለም። ለመካኒክ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ሰው ይቆጨዋል። እገዛዋለሁ ብዬ ያልወሰንኩትን መኪና ለማስመርመር ለምን እከፍላለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ከገንዘቤ ሁሉ በጣም የሠራልኝ ሳልገዛቸው ለቀረሁት ሁለት መኪኖች ምርመራ የከፈልኩት ነው እላለሁ።

መካኒኩ ከመምጣቱ በፊት እኛም የምናየው አይጠፋም። ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀን መንገር ያስፈልጋል። ስንደርስ ኮፈኑ ሞቆ ካገኘነው አንድ ሰው አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ጠዋት ላይ ለመነሳት የሚያስቸግር ሞተር ሲሞቅ ጨዋ ይሆናል። ሲነሳ ጭሱን ማየት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቶበታል። ነጭና ወፍራም ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ውድ ጥገና ነው። በማታና በዝናብ መኪና አይታይም። እርጥብ ቀለም ጭረቱንም ስቱኮውንም ይሸፍናል።

የኪሎሜትር ቆጣሪው ዲጂታል ስለሆነ አይነካም የሚል ካለ የዋህ ነው። በኮምፒውተር ይቀነሳል። ፔዳሉንና መሪውን መቀነስ ግን አይቻልም። ቆጣሪው 60 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ካለቀ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎኑ ከተበላ፣ አንዱ እየዋሸ ነው። ጎማም ይናገራል። ጎኑ ላይ ከተጻፈው መጨረሻ አራት አሃዝ ያለ ቁጥር አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። 20 ሺህ ኪሎሜትር ብቻ ሄዳለች የተባለች መኪና አራቱም ጎማዎቿ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚያንሱ ከሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ የት ሄዱ? የሻንሲ ቁጥሩም አለ፤ በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች 17 ፊደልና አሃዝ ነው። መኪናዋ ላይ ያለው ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። አንዷ ፊደል ከተለየች ክርክር የለም፣ ደህና ዋል ብሎ መሄድ ነው።

(በነገራችን ላይ መኪና ለማየት ስትሄዱ መኪና የማይወድ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። እናንተ በወንበሩ ቆዳ ስትደሰቱ እሱ “ይሄ ምንድን ነው የሚንጠባጠበው?” ይላል።)

ዋጋ መከራከሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ልመና መሆኑ ይቀራል። “ትንሽ ቀንስልኝ” ማለትና “ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጎማዎች አልቀዋል፣ የታይሚንግ ቤልቱ መቀየሪያ ደርሷል፣ ሁለቱ ይህን ያህል ያስወጡኛል” ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ሻጩ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። ሁለተኛውን ለመመለስ ወይ መቀነስ ወይ መጠገን አለበት።

ከነጋዴ አዲስ መኪና በብድር ለሚገዛ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። እዚያ የተደበቀው ችግር ሞተሩ ውስጥ አይደለም፣ ሒሳቡ ውስጥ ነው። ሻጩ ፈገግ ብሎ “በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?” ይላል። ይህን ጥያቄ አትመልሱለት። 100 ሺህ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበደርን እንበል። በ36 ወር ብንከፍለው ወርሃዊው 3,321 አካባቢ ነው፤ በጠቅላላው 119,572 ገደማ እንከፍላለን። በ72 ወር ከሆነ ወርሃዊው ወደ 1,955 ይወርዳል። ደስ ይላል። ጠቅላላው ግን 140,761 ገደማ ይሆናል። ለሻጩ ወርሃዊውን ማሳነስ ቀላል ነው፤ ወራቱን ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የመኪናው ሙሉ ዋጋ ይለቅ፣ ከዚያ የብድሩ ወለድና ዘመን ለብቻው ይነሳ። አሮጌ መኪናችንን በልዋጭ የምንሰጥ ከሆነም የእሱ ሒሳብ ለብቻው ይሁን። ሦስቱ ከተደባለቁ በአንዱ የሰጡንን በሌላው ይወስዱታል፤ እኛም አስቀነስን ብለን እየተደሰትን እንወጣለን።

ሁለተኛዋን መኪናዬን የሸጡልኝ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ዋጋ ጠሩ፣ ወረቀቴ ላይ ከጻፍኩት ትንሽ ያነሰ ነበር። ልማድ አይለቅምና ቅናሽ ጠየቅኩ። “አይ ልጄ፣ አልቀንስም” አሉና ገብተው አንድ ወፍራም ፋይል ይዘው ወጡ። ዘይት የተቀየረበት፣ ፍሬን የታሰረበት፣ ባትሪ የተገዛበት ደረሰኝ በሙሉ በቀን በቀኑ ተደርድሯል። መካኒኬ ፋይሉን አገላበጠና “ክፈል” አለኝ። ከፈልኩ።

ጓደኞቼ እስካሁን “ምንም ሳታስቀንስ!” እያሉ ይስቁብኛል። ባለፈው ወር ከእነሱ አንዱ፣ ሲሶውን አስቀንሼ ነው የገዛኋት የሚለው፣ መንገድ ላይ ቆማበት ደወለልኝ። ገመድ ይዤ ሄድኩ። ጋራዥ እስክንደርስ ስለ ዋጋ አላነሳንም።