ይድረስ ለአቶ «በማስረጃ አታደናግሩኝ»

ለክቡር ኤርል ላንድግሬብ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት የኢንዲያና ተወካይ ለነበሩት፤ ባሉበት።

«ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል» ብዬ እንዳልጀምር እ.ኤ.አ. በ1986 አርፈዋል። የምጽፍልዎ ልጆችዎ ስለበዙብን ነው። የሥጋ ልጆችዎን ማለቴ አይደለም። የፈለጉት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይግቡ፣ አንድ እርስዎን የመሰለ አይጠፋም። ስለሚወደው መሪ ሰነድ ሲላክለት ሳይከፍተው «የጠላት ወሬ ነው» ይላል።

ፈር ቀዳጁ እርስዎ ነዎት እኮ! ኦገስት 1974፣ የዋተርጌት ጉድ (የፕሬዚዳንቱ ሰዎች የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ ሰብረው የገቡበት ቅሌት) ፈልቷል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የኤፍቢአይን ምርመራ በሲአይኤ በኩል ለማስቆም ሲስማማ የሚሰማበት ካሴት ወጥቷል። ከሥልጣን የማውረዱን ክስ ባየው የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ እስከዚያ ቀን ሲሟገቱለት የነበሩት የፓርቲው ሰዎች፣ ሪፐብሊካኖች፣ እንኳ ከዱት። እርስዎ ግን «በማስረጃ አታደናግሩኝ፣ አእምሮዬ ዝግ ነው» አሉ። ይሄ አልበቃ ብሎ፣ ከዚህ ሕንፃ አውጥተው ከፕሬዚዳንቴ ጋር ቢረሽኑኝም አልለየውም ብለው ጨመሩበት።

ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች። ጌታው ኦገስት 9 ሄሊኮፕተር ተሳፍሮ ሄደ፤ ላትዎ ደጅ ቀረ።

ደግሞ ፈሪ አልነበሩም። በ1972 ሶቭየት ኅብረት ድረስ ሄደው መጽሐፍ ቅዱስ ሲያድሉ ተይዘዋል። ሞስኮን ያልፈራ ሰው እንዴት አንዲት ካሴት ይፈራል?

ኦገስት 20 ምክር ቤቱ የክሱን ሪፖርት ሲቀበል ውጤቱ 412 ለ3 ነበር። ከሦስቱ አንዱ ማን ይሆን? ኒክሰን እኮ ሥልጣኑን ለቆ ካሊፎርኒያ ገብቷል፣ ማንን ነው የሚከላከሉት ጌታዬ? ሴፕቴምበር 8 እሱ ከተተኪው ፕሬዚዳንት ፎርድ ምሕረት አገኘ። እርስዎን ግን በኖቬምበር መራጩ አልማረዎትም፣ ወደ ጭነት መኪናዎችዎ መለሰዎት። ያሸነፈዎትም (ይሄን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም) የታሪክ መምህር ነው፣ ፍሎይድ ፊቲያን።

እውነቱን ለመናገር ከልጆችዎ እርስዎ ይሻላሉ። ዝግ ነኝ ብለው በግልጽ ተናግረዋል፣ ማንም አይደክምብዎትም። የእኛዎቹ «እስቲ ማስረጃ አምጣ» ይሉና፣ ሊንክ ስንልክ «ምንጩ አይታመንም»፣ ቪዲዮ ስንልክ «ኤዲት ነው»፣ መሪው ራሱ ሲያምን ደግሞ «ተገዶ ነው» ብለው እስከ እኩለ ሌሊት ያስለፉናል። እባክዎ በሕልማቸው ብቅ ብለው፣ ዝግ መሆናቸውን ከመጀመሪያው እንዲነግሩን ይምከሩልን። ኢንተርኔት ውድ ነው።

አክባሪዎ፣
ፓኬጁ ያለቀበት