የጅማ አሮጌ ቤቶች ሆቴል ይሁኑ፤ ግን በሲሚንቶ አይታፈኑ

ጅማ ውስጥ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ሲል የሚሰጠው ምክንያት ያው ነው፦ «አርጅቷል፣ ለሆቴል አይሆንም»። አንስማማም። ከተማዋ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ ነበረች፤ ከዚያ ጊዜ ወፍራም ግድግዳና ከፍ ያለ ኮርኒስ ያላቸው ቤቶች ቀርተውላታል። እንዲህ ያለው ግድግዳ የቀኑን ሙቀትም የሌሊቱን ብርድም ይመክታል፤ እንግዳም ደስ ብሎት ይከፍልበታል። የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሙዚየምነቱ ይቆይ፤ ጉዳያችን መሐል ከተማ ያሉት ቤቶች ናቸው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከልስኑ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ግንብ ከመሬት የሚስበውን ርጥበት በገጹ ያስወጣል። ሲሚንቶ ተለስኖ የዘይት ቀለም ሲቀባ መውጫው ይዘጋል። ክረምት ሲገባ ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ያብጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያደረ ጃኬት ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ባለቤቱ ፍቆ ይቀባል፣ በዓመቱ ያው ይሆናል። ይልቅ መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን፣ ግድግዳው ሥር የሚተኛው ውሃ ይውረድ። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ በስሱ ይለሰን። ሁለተኛው የሚደረበው የመጀመሪያው ከጠና በኋላ ነው። ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ስለሚሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ ይጋረድበት። ለውጭው ግድግዳ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው።

ቀጥሎ ውሃው። 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው፤ ምስጥ የጎበኘው የጣሪያ እንጨት ይህን አይችልም። ሮቶው የራሱ ማማ ይሠራለት። 5 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ግማሽ ባር ገደማ ስለሆነ ለሻወር ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። የላይኛውና የታችኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤቶች አንዱ ባንዱ ላይ ይዋሉ፤ ቧንቧውም ግድግዳ ተፈልፍሎ አይቀበር፣ በሚከፈት ሳጥን ይውረድ። የተቀበረ መጋጠሚያ ሲያፈስ የሚታወቀው ጣውላው ከበሰበሰ በኋላ ነው።

አሥር ክፍሎች እያንዳንዳቸው የ2 ኪሎ ዋት የውሃ ማሞቂያ ጠዋት ላይ አንድ ላይ ቢያበሩ 20 ኪሎ ዋት ይሆናል። አሮጌው ሽቦ ለአምፖል የተዘረጋ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት። የእንጨት ደረጃ ብቻ ያለው ፎቅ ሁለተኛ መውጫ ሳይሠራለት እንግዳ ባያሳድር እንወዳለን፤ አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ምን ያህል እንደተጎዳ አይተናል።

ባለሀብት አንድ ነገር አይርሳ፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነን ቤት መጠገን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ግንበኛ ከመቅጠር በፊት ፈቃዱ ይያዝ።

እንግዳም ክፍል ከመያዙ በፊት ከአልጋው ራስጌ በስተጀርባ፣ ወለሉ አጠገብ ግድግዳውን በመዳፉ ይንካ። ከቀዘቀዘውና ቀለሙ ከተንኮሻኮሸ ሌላ ክፍል ይጠይቅ፤ ምክንያቱንም ለባለቤቱ ይንገረው።