ማስተካከያ፦ ጃቫ ከላምዳ በፊትም ፈንክሽን ማቀበል ይችል ነበር

ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጃቫ ባለፈው በጻፍኩት «ጃቫ የፈንክሽን ፖይንተር ስለሌለው ላምዳ እስኪመጣ ድረስ ፈንክሽን ማቀበል አይቻልም ነበር» ብዬ ነበር። ፈንክሽን ማቀበል ማለት አንድን ፈንክሽን ለሌላ ፈንክሽን እንደ ዳታ መስጠት ነው፤ የፈንክሽን ፖይንተር ደግሞ ፈንክሽኑ በሜሞሪ ውስጥ ያለበትን አድራሻ ይይዛል። ተሳስቻለሁ፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ላምዳ፣ ማለትም ስም ሳይሰጠው በቦታው የሚጻፍ አጭር ፈንክሽን፣ የመጣው በጃቫ 8፣ እ.አ.አ. በ2014 ነው። መንገዱ ግን ቀድሞም ነበር፦ ኢንተርፌስ፣ ማለትም አንድ ክላስ የትኞቹ ሜተዶች (በክላስ ውስጥ ያሉ ፈንክሽኖች) ሊኖሩት እንደሚገባ የሚገልጽ ውል። የስም ዝርዝር በርዝመት መደርደር ፈለግን እንበል። ኮምፓሬተር የሚባለውን ኢንተርፌስ የሚተገብር ክላስ እንጽፋለን። ውስጡ ሁለት ስም ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ ሜተድ አለ። ቁጥሩ ከዜሮ ካነሰ የመጀመሪያው ስም ይቀድማል፤ ዜሮ ከሆነ እኩል ናቸው። ከዚያ የክላሱን ኦብጀክት ለሚደረድረው ሜተድ እንሰጠዋለን። በቃ። በሲ ቋንቋ ፖይንተሩ የሚሠራውን እዚህ ኦብጀክቱ ይሠራዋል። እንዲያውም ይበልጣል፤ ኦብጀክት የራሱን ዳታ ይዞ መሄድ ይችላል፣ የፈንክሽን ፖይንተር ግን አድራሻ ብቻ ነው።

ከጃቫ 1.1 ጀምሮ ደግሞ ስም የሌለው ክላስ እዚያው በቦታው መጻፍ ይቻላል። ኮዱ ይንዛዛል እንጂ ይሠራል። ላምዳ ያሳጠረው ይህንኑ ነው። ዛሬም ላምዳ የሚገባው አንድ አብስትራክት (አካሉ ያልተጻፈ) ሜተድ ብቻ ያለው ኢንተርፌስ በሚጠበቅበት ቦታ ነው።

ሌላው ቋንቋ ሲ ሻርፕ ከመጀመሪያው ቨርዥን ጀምሮ ዴሊጌት (ፈንክሽን ይዞ ለማቀበል የሚያገለግል ታይፕ) እንዳለው በዚያው ጽሑፍ የጻፍኩት ግን ትክክል ነው፤ አልተቀየረም።