«ሲስተሙ ላይ የለህም»

ቤት ከገባሁ ሁለት ሰዓት አልፎኛል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ከአንድ ቢሮ ለማውጣት የምመላለስበት ወረቀት አለ። ዛሬም አልተሰጠኝም። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? አንዲት ፊደል!

የአባቴ ስም ሥዩም ነው። በንጉሡ ሠ። መታወቂያዬም፣ የትምህርት ማስረጃዬም የሚሉት ይህንኑ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከኮዬ ፈጬ ተነሥቼ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ በብርድ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቢሮው ሳይከፈት ደርሼ 17ኛ ሆንሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ 5 ሰዓት አልፏል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩሉ «ሲስተም የለም» ተብለን ግድግዳ ተደግፈን የቆምንበት ነው። ስለ «ሲስተም የለም» ዛሬ አልናገርም፤ ከጀመርሁ ይመሽብኛል።

ልጅቷ መታወቂያዬን ተቀብላ በሁለት ጣት ስሜን ጻፈች። ጠበቀች። ቀና ሳትል፣
«እንዲህ የሚባል ሰው የለም» አለችኝ።
«እኔ ነኝ እኮ፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»
«ሲስተሙ ላይ የለህም።»
እኔ «እርስዎ» እያልኳት እሷ «አንተ» ትለኛለች። እሱንም ዋጥሁት። «እባክዎ እህቴ፣ የአባቴን ስም በእሳቱ ሰ አድርገው ይሞክሩልኝ» አልኋት። ሞከረች። ወዲያው ወጣሁ! ፎቶዬ፣ የእናቴ ስም፣ የቤት ቁጥሬ፣ ስልኬ፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። በደስታ እጄን ዘረጋሁ።

«ይኼ ስዩም ነው። መታወቂያህ ላይ ያለው ሌላ ነው። አንድ ሰው መሆናችሁን አረጋግጠህ ና።»

መሆናችሁን! እኔንና እኔን በብዙ ቁጥር ጠራችን። ፎቶውን በመስታወቱ በኩል አየዋለሁ፤ ያንኑ ሹራብ ነው ዛሬም የለበስሁት። «ፎቶው የኔ አይደለም ወይ?» ብላት «ይመስላል» አለች። ይመስላል! የጻፈው የእናንተው ሠራተኛ ነው፣ እኔ ያቀረብሁት መታወቂያ ትክክለኛ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ፊደላት የሚያያቸው በቁጥር ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ። «ኮምፒውተር አይሳሳትም። አስተማሪ ከሆንህ ክፍል ግባ። ቀጣይ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። በእሷ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ ከነዚህ ጋር ክርክር የትም አያደርስህም፤ ያሉህን ወረቀት አምጣላቸው» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉኝ። እሱ ነው የበለጠ ያመመኝ።

እኔ ኮምፒውተር የምጠላ ሰው አይደለሁም። ከመርካቶ በአሮጌ ዋጋ የገዛሁትን ላፕቶፕ ፈትቼ ገጥሜ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ጭኜበት፣ ስንት ሌሊት አብሬው ያነጋሁ ሰው ነኝ። የምናደደውም ስለምወደው ነው። ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ሥ 1225 ነው፣ ስ ደግሞ 1235። ለጆሯችን አንድ የሆነው ነገር ለእሱ እንደ በ እና እንደ ገ የተለያየ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሞክሼዎቹ፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት፣ ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገብተዋል፤ ደግ ተደረገ፣ የአባቴን ስም በትክክል የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው። ነገር ግን ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ሲሠራ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲታዩ ማድረግ የሠሪው ግዴታ ነው። ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ እንደዚያው። የተጻፈውን ስም አትንኩት! ሲፈለግ ብቻ አመሳስሉት።

ከባድ ነው እንዳትሉኝ። ማታ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፑ ባትሪ ቁጭ ብዬ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍሁት። ሠላሳ መስመር አልሞላም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ ወስጄ ቆጠርሁ፦ የመጀመሪያው ፊደል ስድስት ዓይነት ይጻፋል፣ ሥ ሁለት፣ ሴ ሁለት፣ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ ደግሞ ሁለት። 48 አጻጻፍ! አንድ ሰው 48 ሰው ሊሆን ነው፤ ለእያንዳንዱ ምስክር ይዞ ሊመላለስ ነው። ፕሮግራሜ 48ቱንም አንድ ብሎ አገኛቸው።

ድሮ መዝገብ ቤት የነበሩት ሰውዬ ትዝ አሉኝ። ዶሴ በገመድ ታስሮ፣ አቧራ ለብሶ፣ መደርደሪያው ጎብጦ። ያም ቢሆን ሥዩምና ስዩም አንድ መሆኑን ለእሳቸው የሚነግራቸው አያስፈልግም ነበር። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አይተውህ «የእገሌ ልጅ አይደለህም?» ይሉሃል፣ ዶሴው ይወጣል። አሁን ማሽኑን አስገብተን የእሳቸውን ማስተዋል አስወጣነው።

ጎረቤቴም አለች፤ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ነው። የልደት ቀን በሚሞላበት ቦታ ላይ 12 ወር ብቻ ተደርድሮ ጠበቃት። «መስከረም 1 በይው» አሏት። የተወለደችበት ዓመት ራሱ ተቀየረ! ባለቤቴ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» በሚል ሳጥን ውስጥ የአያቷን ስም ስትጽፍ «ታዲያ ከባልሽ ስም ጋር ለምን አይገጥምም?» የተባለችበት ቀን አለ። በገዛ አገራችን!

ለአባቴ ደወልሁ። ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፤ ፊደል ገበታው ላይ እሳቱንና ንጉሡን የለየልኝ እሱ ነው። ነገሩን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «ሥዩም ማለት የተሾመ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ምን ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ልጅቷ ከመስኮቱ ዞር ስል በመጨረሻ የሰጠችኝ ምክር መታወቂያዬን በእሳቱ ሰ አስቀይሬ እንድመጣ ነበር። አላስቀይርም። ይህን አልኋችሁ፣ አላስቀይርም።

ደክሞኛል። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው የሚል ወረቀት ላወጣ ነው፤ ሁለት ምስክር ይዘህ ና ተብያለሁ። ሰኞ ጠዋት የሚመቸው ካለ በ1 ሰዓት ተኩል ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እንገናኝ፤ ታክሲውም ቁርሱም በእኔ ነው። የምትመጡት ግን እባካችሁ፣ ስማችሁ በመታወቂያችሁና በሌላው ወረቀታችሁ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ዛሬውኑ አይታችሁ ንገሩኝ።