የትኛው ለውዝ?

«ለውዝ ዲኤንኤን (በሴሎቻችን ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ) ከጉዳት ይጠብቃል» የሚል ጽሑፍ እህቴ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ «ከነገ ጀምሮ የልጆቹ መክሰስ እሱ ነው» ብላለች። የመጣላት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡልን የተቆላ ለውዝ ነው፣ ኦቾሎኒው። ጽሑፉ የተነሣበት ጥናት ግን ስለ አልመንድ ነው። የአሮን በትር አፈራችው የሚባለው፣ ዛፍ ላይ የሚያፈራው ለውዝ ማለት ነው። የእኛው ኦቾሎኒ ደግሞ ፍሬውን አፈር ውስጥ የሚይዝ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው። በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ነው የተምታታብን።

ጥናቱ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ነው። ቻይና ውስጥ 60 ሲጋራ የሚያጨሱ ወጣት ወታደሮች ለ4 ሳምንት በቀን 84 ግራም አልመንድ፣ ለሌላ 4 ሳምንት ደግሞ በምትኩ የአሳማ ሥጋ እንዲበሉ ተደረገ። አልመንድ በበሉበት ጊዜ የዲኤንኤ ጉዳት መለኪያ የሆነ አንድ ንጥረ ነገር በ28 በመቶ ቀነሰ፣ የዲኤንኤ መሰባበርም በ23 በመቶ ወረደ። ደስ የሚል ውጤት ነው፣ አልክድም። ግን ልብ በሉ፣ ሰዎቹ አጫሾች ናቸው፤ ጭሱ ዲኤንኤያቸውን በየቀኑ ይጎዳዋል። ይሄ ጥናት ስለ ሕፃን ልጅም ሆነ ስለ ኦቾሎኒ ያለው ነገር የለም። 84 ግራም ደግሞ ወደ 70 ፍሬ ነው፤ በአልመንድ ዋጋ ስንቶቻችን ቤት ይገባል?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኦቾሎኒ እርጥበት ባለበት ሲከማች ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ አልመንድንም አይምርም። ጉበት ይህን መርዝ ላስወግድ ሲል ይለውጠዋል፣ የተለወጠውም ሄዶ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ያበላሸዋል። የጉበት ካንሰር የሚያመጣው እንዲህ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው ብዙ እጥፍ ነው። መርዙ የታወቀው በፈረንጆቹ 1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የተበከለ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ሲያልቁ ነው። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የከተማችንን ክረምት ታውቁታላችሁ። የኦቾሎኒው ጆንያ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ፣ እጃችሁን ወደ ታች ስትሰዱ ፍሬው ይቀዘቅዛል፣ ትንሽም ይለሰልሳል። እንዲህ ያለውን አትግዙ በቃ። የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ አረንጓዴ ብናኝ የያዘው ይለቀም፤ አፍ ላይ ከመረረም ይተፋ። በጾም የምንወደው የለውዝ ሻይ ላይ ደግሞ አደራ! አንዴ ከተፈጨ ምን እንደገባበት ማን ያያል? ፍሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ ማስፈጨት ይሻላል። ይህን ሳንነግር «ለውዝ ይጠብቃል» ብቻ ብሎ ለሰው ማስተላለፍ ልክ አይመስለኝም።

ለእህቴም ይህንኑ ጻፍኩላት። ትናንት ግማሽ ኪሎዋን ሰፌድ ላይ ዘርግታ ፎቶ ላከችልኝ፤ ዳር ላይ ለይታ ያስቀመጠችው አንድ ሲኒ ይሞላል።